ላባና ሳንቲም በጋሽ ይመር ሳሎን

ሽማግሌ ዋሽቶም ቢሆን ያስታርቃል ይባላል። የእኔዎቹ ዋሽተው ሊድሩኝ ሄዱ። ውሸቱን እውነት የማድረጉ ሥራ ግን በእኔ ላይ ወደቀ፤ ያውም በሦስት ቀን ውስጥ። ፍሪጅ ልትገዙ መጥታችሁ ቢሆን ወሬውን ዋጋው ላይ እጨምረው ነበር፤ ለእናንተ ግን በነፃ ነው።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሃል፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ንግዴ ያገለገለ ፍሪጅ ነው። ቦሌ ቤት ተከራይተው የኖሩ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ይሸጣሉ። እኔ የሞተውን በርካሽ አነሳለሁ፣ ነፍስ እዘራበታለሁ፣ እወለውለውና «አንዲት ሴትዮ ብቻ የተጠቀመችበት» ብዬ እሸጣለሁ። ሴትዮዋ ስንት ፍሪጅ እንደነበራት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን መንገድ አስተማረኝ፤ መንገድ ደግሞ ሰርተፍኬት አይሰጥም።

መዲናን ያገኘኋት በፍሪጅ ምክንያት ነው። ቦሌ ሚካኤል አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። የመድኃኒት ቤቱን ፍሪጅ ሦስት ጊዜ ጠገንኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ፍሪጁ ምንም አልነበረውም። እሷም ታውቃለች፤ የደወለችው እሷ ናት።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ ይመር እንደ እኔ አባት የወሎ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። ሰፈሩ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል፤ ያልተማረውም ቢሆን በኩርኩማቸው አልፏል።

ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው ሼህ አራጋው ናቸው፤ ውሸት የማይወጣቸው ሰው፣ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ዝም የሚሉ። ሁለተኛው ጋሽ ሙሄ፣ የቤት ደላላ። መስኮት የሌለውን ክፍል «ንፋስ የማይገባበት» ብለው የሚያከራዩ ናቸው። አንዱ ለክብር፣ አንዱ ለአፍ ብዬ ነው የመረጥኳቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ላይ ስጠብቃቸው መጡ።

«እንዴት ሆነ?» አልኩ።

«ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። ሼህ አራጋው አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። እሳቸው ሲያቀረቅሩ ጥሩ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ይመር ጠየቁ፦ «ልጁ ምን ተምሯል?» ሼህ አራጋው ዝም። ጋሽ ሙሄ፦ «ኧረ ብዙ።» «ፊዚክስ ያውቃል?» ይኼኔ ጋሽ ሙሄ ሱቄ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ አንድ ቀን የሰሟት ቃል ትዝ አለቻቸው። «ያውቃል እንጂ! ሥራው ራሱ ቫኪዩም አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ይመር ቀና አሉ አሉኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በጠመኔ አስተምሬያለሁ። አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ውሃ ያለ እሳት ይፈላል ብያለሁ። ላባና ሳንቲም እኩል ይወድቃሉ ብያለሁ። ተማሪ ‹ጋሼ፣ አይተውታል?› ሲለኝ መልሴ ‹መጽሐፉ ይላል› ነበር። ይኼ ልጅ በእጁ ቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ እሁድ ራሱ ይዞት ይምጣ። ውሃው ሲፈላ ካሳየኝ ስለ ልጄ እንነጋገራለን። ካላሳየኝ እናንተም ዳግመኛ አትድከሙ።»

«ጋሽ ሙሄ» አልኩ፣ «እኔ ውሃ ያለ እሳት አፍልቼ አላውቅም።»

«እና እኔ ላፈላው ነው? ባለሙያው አንተ ነህ።»

እውነቱን ልንገራችሁ። በእኛ ሙያ ቫኪዩም ማለት ይኼ ነው፦ ፍሪጅ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት መውጣት አለበት። እርጥበት ከቀረ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይዘጋዋል። አሮጌ ኮምፕሬሰር እናመጣለን፣ መሳቢያውን ከፍሪጁ ቱቦ ጋር እናያይዛለን፣ ግማሽ ሰዓት እናስጮኸዋለን። እርጥበቱ ይጠፋል። ወዴት እንደሚጠፋ ሙያውን ያስተማረኝን አለቃዬን ጠይቄው አላውቅም። እሱም የእሱን አለቃ አልጠየቀም።

ዓርብ ሥራ ጀመርኩ። ውሃው የሚታይበት ዕቃ ያስፈልጋል። ከጎረቤቴ ሱቅ ትልቁን የከረሜላ ጠርሙስ ተዋስኩ፣ ክዳኑን በስቼ ቱቦ አስገባሁ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ሲጋራ ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር። ድው አለ። ያ ዘመን ከጥይት ከተገላገልን ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ወሎ ሰፈር በሙሉ መሬት ተኛ። አንድ ታክሲ ተሳፋሪዎቹን ጥሎ ሄደ። ጎረቤቴ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና «ጠርሙሴስ?» አለኝ። ወደ ውጭ የፈነዳ መስሎት መንገዱ ላይ ስብርባሪ ይፈልጋል። ስብርባሪው ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ነበር የገባው፤ ነገሩ ያን ጊዜ ከነከነኝ።

ቅዳሜ ዘዴ ቀየርኩ። ወፍራም የብረት ድስት ገዛሁ፣ ጎኑን በስቼ ቱቦና ቫልቭ በየድኩበት። ለክዳን ከማስታወቂያ ጻፊ ዘንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ አስቆረጥኩ። በመሃላቸው ከከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከመነዳሪ የቆረጥኩትን ላስቲክ ግራሶ ቀብቼ አስቀመጥኩ። ውሃ ጨመርኩ። ኮምፕሬሰሩ ጮኸ። ውሃው ትንሽ አረፋ አወጣና ዝም። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ዝም።

ጋሽ ሙሄ አጠገቤ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ውሃው እኮ ፈራህ» አሉና ብርጭቋቸውን ለቀልድ ድስቱ ውስጥ አስቀመጡት። «እስቲ የደላላ ሻይ ይሞክር።»

ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ሻዩ ተንተከተከ። ተንተክትኮም በብርጭቆው አፍ ገነፈለ። ከሥሩ እሳት የለም፣ ምንም የለም። ቫልቩን ከፍቼ ብርጭቆውን ሰጠኋቸው።

«አልጠጣም» አሉ።

«የእርስዎ ሻይ እኮ ነው።»

«ነበር። አሁን የማን እንደሆነ አላውቅም።»

ውሃው እምቢ ብሎ ሻዩ ለምን ፈላ? ተቀምጬ አሰብኩ። ነጋዴ ነኝ፣ ልዩነቱን ፈለግሁ። ጋሽ ሙሄ ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጨምሩት። ገባኝ! ስኳሩ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛሁና ገብቼ ተኛሁ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመርን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጋሪ ነው የሄድነው። ሼህ አራጋው ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ድስቱን አቅፈዋል፣ ጋሽ ሙሄ ቱቦውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ እኔ ኮምፕሬሰሩን። ቦሌ ሚካኤል ስንደርስ መዲና በመስኮት አየችንና መጋረጃውን ፊቷ ላይ ሸፈነችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ኋላ ስትነግረኝ በሳቅ ሞታ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ምሳ ተሰናድቷል። የመዲና እናት፣ እትዬ ዘይነብ፣ «ቅመሱ» አሉ።

«ቃል ሳንሰማ እህል አንቀምስም» አሉ ሼህ አራጋው። ደንብ ነው። ጋሽ ሙሄ ሳህኑን አይተው ስለ ደንቡ አዘኑ።

ጋሽ ይመር አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። እጄን ጨበጡኝና ድስቱን ብቻ አዩት። «ይኼ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የት ተማርከው?»

«ወሎ ሰፈር።»

ትኩስ ሻይ ጠየቅሁ። መዲና አመጣች፣ ስድስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ጋሽ ይመር ስኳሩን በዓይናቸው ቆጠሩ። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ። ጥቂት እንዳጓራ መብራት ሄደ።

ቤቱ ጭር አለ። የልማዴን ቫልቩን ዘጋሁት።

«እኔ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር» አሉ ጋሽ ይመር በሐዘን። «እዚህ ምዕራፍ ስንደርስ አንድ ነገር ይሄዳል።»

«በሉ እስኪመጣ ሻዩን እንኳ እናውጣው» ብለው ጋሽ ሙሄ ክዳኑን ሳቡት። ክዳኑ አልመጣም። ቆመው ሳቡት። ድስቱ ከነሻዩ አብሮ ተነሳ እንጂ ክዳኑ አልተላቀቀም። ሼህ አራጋው ቢስሚላህ ብለው ድስቱን ከሥር ያዙ፣ ጋሽ ሙሄ ከላይ፤ ሁለት ሽማግሌ አንድ ድስት ይዘው በሰው ሳሎን ውስጥ ተጓተቱ።

«ምን አጣበቅህበት?» አሉኝ ጋሽ ሙሄ እያለከለኩ።

«ምንም። ውስጡ ያለው ቫኪዩም ስቦ ይዞት ነው።»

«አይስብም!» አሉ ጋሽ ይመር። ብድግ አሉ፤ ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆነ። «ባዶ ነገር ምን እጅ አለውና ይስባል? ከላይ ያለው አየር ነው የሚጫነው። አሁን፣ እዚህ፣ ይኼ ክዳን ላይ የሰው ሸክም ተቀምጧል። እኛም ላይ አለ፤ በውስጣችንም ስላለ አይታወቀንም። ከድስቱ ውስጥ ሲወጣ ግን የውጭውን የሚመልሰው ጠፋ።»

ይኼኔ የከረሜላው ጠርሙስ ትዝ አለኝ። ለካ አየሩ ከውጭ ነው የጨፈለቀው። ለጋሽ ይመር ስነግራቸው ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ቫልቩን ከፈትኩ፤ ሽሽሽ አለ፣ ክዳኑ በአንድ ጣት ተነሳ። እትዬ ዘይነብ ከጓዳ በር ላይ ሆነው «ሱብሃነላህ» አሉ።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ክዳኑን መልሼ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ። ሁሉም ድስቱ ላይ ተደፋ። ሻዩ ዝም አለ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አንድ ሁለት አረፋ፣ አለቀ።

«ስኳር አንሶት ነው» አልኩ። ከፈትኩ፣ ሌላ አራት ማንኪያ ጨመርኩ፣ መልሼ አስነሳሁ። ዝም።

መዲና በሩ ላይ ቆማለች። አሁን አትስቅም። ጋሽ ሙሄ የሆነ ሌላ ውሸት ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁት። በሕይወቴ ብዙ የተበላሸ ዕቃ ሸጫለሁ፤ እዚያ ቤት ግን መሸጥ አስጠላኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ ፊዚክስ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ትናንት የጋሽ ሙሄ ሻይ ፈልቶ ነበር፣ ውሃው ግን እምቢ አለ። ስኳሩ መስሎኝ ነው። ለምን እንደፈላ አላውቅም፤ ዛሬ ለምን እንዳልፈላም አላውቅም።»

ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሼህ አራጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ጋሽ ይመር ግን አልተቆጡም። «ትናንት የፈላው ሻይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትኩስ ነበር?»

«ለብ ያለ ነበር።»

«ያልፈላው ውሃስ?»

«የቧንቧ ውሃ፣ ቀዝቃዛ።»

ብርጭቆውን ከድስቱ አውጥተው ጣታቸውን ነከሩ። «ይኼም በረደ። ልጄ፣ ስኳሩ አይደለም!» ወደ ጓዳ ዞሩ። «መዲና! ለብ ያለ ውሃ አምጪ። ስኳር እንዳታደርጊ፣ በአላህ።» ከዚያ ለእኔ፦ «ውሃ እንዲፈላ ሁለት መንገድ አለ። ወይ እሳቱን ትጨምራለህ፣ ወይ የሚጫነውን አየር ትቀንሳለህ። ያንተ ኮምፕሬሰር አየሩን ሁሉ አይጨርስም፣ የተወሰነ ያስቀራል። ለቀዝቃዛ ውሃ አቅም የለውም፣ ለብ ላለው ግን ይበቃል።»

መዲና ውሃውን ስታቀብለኝ «አሁንስ ፍሪጁ በእውነት ተበላሽቶ ነው?» አለች በቀስታ።

ጋሽ ይመር መጀመሪያ ጣቴን አስነከሩኝ፤ ሞቅ ይላል። ገጠምኩ፣ አስነሳሁ። መጀመሪያ ከብርጭቆው ሥር አንዲት አረፋ ወጣች፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ውሃው በሙሉ ተነሳ፤ ተንተከተከ። ጋሽ ይመር ክዳኑ ላይ ተደፍተው ቀሩ። መነጽራቸው ከፕላስቲኩ ጋር ተጋጨ።

«ነፍስ አለ እዚያ ውስጥ» አሉ ሼህ አራጋው።

እውነትም አንድ ዝንብ አብሮ ተከድኖበት ነበር። የድስቱን ግድግዳ ሲወጣ ድንገት ተንከባለለና እግሩን ሰቅሎ ቀረ። እትዬ ዘይነብ «ክፈትለት አንተ ልጅ፣ ለሠርግ ቤት ገድ አይደለም» አሉ። ሠርግ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ፈጥኜ ቫልቩን ከፈትኩ። ዝንቡ ትንሽ ቆየና አንድ እግሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ተነስቶ በረረና የጋሽ ሙሄ ሳህን ላይ አረፈ።

«ይኼ ጨረቃ ደርሶ መምጣቱ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ይብላ፣ እሱ ቃል የሚጠብቀው ነገር የለም።»

«ውሃውን ንካው» አሉኝ ጋሽ ይመር።

አሁን ሲንተከተክ ያየሁት ውሃ ነው። እየፈራሁ ጣቴን ሰደድኩ። ከቅድሙ ቀዝቅዟል።

«ፈልቶ ይቀዘቅዛል እንዴ?»

«እንፋሎት ሆኖ የሚሄደው ሙቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እሳት ከሌለ ከየት ያምጣ? ከራሱ ከውሃው ይወስዳል። የቀረው ይበርዳል።» በጣታቸው ኮምፕሬሰሩን ጠቆሙ። «አንተ ምን ነበር የምትሸጠው?»

ፍሪጅ! ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፣ ውስጥ ይፈላል፣ ሙቀቱን ከሥጋውና ከወተቱ ይወስዳል። ያ እርጥበትም ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ፤ ቱቦው ውስጥ ያለ እሳት ፈልቶ፣ እንፋሎት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሰባት ዓመት ቀዝቃዛ ስሸጥ ኖሬ ቅዝቃዜ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሰው ሳሎን፣ ጣቴን ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ ነው። ሳቄ መጣ። ሳቅሁ። ጋሽ ይመርም ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ያበድን መሰላቸው።

ከዚያ ጋሽ ይመር ወደ መኝታ ቤት ገቡ። አልጋ ሲገፋ ተሰማ። በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ስንነካው የተገረፍንበት ነው» አለች መዲና።

ሲፈቱት ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም የመስታወት ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ቫልቭ አለው፣ ውስጡ አንድ ሳንቲምና አንዲት የዶሮ ላባ። ትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲጥል ለምነው የወሰዱት ነው። አየር ማውጫው መሣሪያ ግን ከጥንትም ተሰብሮ ነበር። ስንት ዓመት ከአልጋ ሥር አኖሩት።

መጀመሪያ እንዲሁ ገለበጡት። ሳንቲሙ ቀጭ አለ፤ ላባዋ እያመነታች፣ እየተንሳፈፈች ወረደች። ከዚያ በጎማ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አያያዝኩት። ረጅም አስጮኽሁት፣ ቫልቩን ዘጋሁ፣ ሰጠኋቸው። ገለበጡት።

ላባዋ እንደ ድንጋይ ወረደች። ከሳንቲሙ ጋር፣ አብራ፤ ለጥቂት ብቻ ነው የዘገየችው።

«ያቺ ጥቂት የኮምፕሬሰርህ ጥፋት ናት» አሉ። ደግመው ገለበጡት። ደግመው። «ዋሽቼ አልነበረም» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ያን ሁሉ ልጅ ዋሽቼው አልነበረም።»

እትዬ ዘይነብ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ምሳው ከበረደ ቆይቷል። ሼህ አራጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ይመር፣ የልጅቷስ ነገር?»

«የቷ ልጅ?» አሉ ዓይናቸውን ከቱቦው ሳያነሱ።

«እኔ ነኛ፣ አባዬ» አለች መዲና። «እኔ እሺ ብያለሁ።»

«እሺ ብላለች፤ እኔም እሺ። አሁን ዝም በሉና እዩ፣ ላባዋ ልትወድቅ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ግን ዝም አላሉም፤ እጃቸው ሳህኑ ውስጥ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይኼ ሁሉ ምን ለወጠ ብትሉ፣ ሚስት ማግኘቴን ትቼ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት እጄ የሚያውቀው ሌላ፣ ጭንቅላቴ የሚያውቀው ሌላ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የሚባለው ነገር ወደ ኋላ የሚስበኝ ይመስለኝ ነበር። ባዶ ነገር ግን አይስብም፤ የሚጫነው ከውጭ ነው፤ ቫልቩን ከፈት ስታደርጉት በአንድ ጣት ይነሳል። እኔ «አላውቅም» ባልኩ ጊዜ ሽሽሽ ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከሠርጉ በኋላ ጋሽ ይመርና እኔ ድስቱንና ቱቦውን ጋሪ ላይ ጭነን በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን ዞርን። እሳቸው ያስረዳሉ፣ እኔ አስጮኻለሁ። ተማሪ «ጋሼ፣ አይተውታል?» እንዲላቸው ሆን ብለው ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር።

እኔ አሁንም ፍሪጅ እሸጣለሁ። ደንበኛ «ይቀዘቅዛል?» ካለኝ «አዎ» እለዋለሁ። «ለምን?» ካለኝ ግን ወንበር አመጣለታለሁ። በዚህ ምክንያት ሳይገዙ የሄዱ አሉ። ድስቱን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ አልሸጥኩትም። የሸጥኩት ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት እናገራለሁ፦ አንድ መምህር ብቻ የተጠቀሙበት።